ስማቸው ያልተጻፈው



በቅርቡ በአረጋውያን ክበብ ቡና ተፈልቶ፣ አንድ አባታችን እንግሊዞች በ1868 ወደ መቅደላ እንዴት እንደ ዘመቱ ሲያወጉን ነበር። ከጥግ ተቀምጠው የነበሩት፣ ከአፍጋኒስታን የመጡ ሽማግሌ ጎረቤታችን ወጉ ሲተረጎምላቸው፣ «እኛም አገር መጥተው ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፍሬድሪክ ሮበርትስ የተባለው መኮንን በኢትዮጵያው ዘመቻ አገልግሎ፣ በ1880 ከካቡል ወደ ካንዳሃር ጦር መርቷል። እኛም ስለዚያ አገር ጦርነት ያነበብነውን ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች ሩሲያ ወደ ሕንድ ትጠጋብናለች ብለው ስለ ሰጉ በ1839 አፍጋኒስታን ገቡ። አሚር ዶስት መሐመድን አውርደው ሻህ ሹጃን አነገሡ። ሕዝቡ ግን በባዕድ ጦር የመጣን ንጉሥ አልወደደም፤ በ1841 መጨረሻ ካቡል ላይ ተነሣ። ጃኑዋሪ 6 ቀን 1842 ጦሩ ከተማዋን ለቆ ወደ ጀላላባድ ጉዞ ጀመረ። ወታደሩ 4,500 ያህል ነበር። አብረውት የወጡት አገልጋዮች፣ ግመል ነጂዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ግን 12,000 ያህል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ሕንዶች ነበሩ። መንገዱ በረዶና ጠባብ ሸለቆ ነው፤ ከተራራው ላይ ጥይት ይዘንባል። ጃኑዋሪ 13 ቀን ዶክተር ዊልያም ብራይደን ቆስሎ፣ በደከመ ፈረስ ጀላላባድ ደረሰ።

የእርሱ ስም በየመጽሐፉ ተጻፈ፣ ሥዕልም ተሣለለት። «የተረፈው እርሱ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ተማርከው የተለቀቁ፣ ዘግይተው የደረሱ ሕንዳውያን ወታደሮችም ነበሩ። የ12,000ዎቹን ስም ግን ማን ጻፈው? እንግሊዞች በዚያው ዓመት ተመልሰው የካቡልን ትልቅ ገበያ አቃጠሉና ወጡ። ዶስት መሐመድም ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው ለምን ነበር?

ይህን ስናነብ አንድ ነገር ከነከነን። የእኛ ሥራ መመዝገብ ነው። አንዲት እናት፣ «ጎንደር ተራ ስንጠብቅ የሞተብኝን ልጄንስ አትጽፉትም?» ብለውን፣ «ፎርሙ ቦታ የለውም» ብለን አልፈናቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ደብተር ይዘን ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚወደውን ጨዋታ ሳይቀር ጻፍን። እሳቸውም ደብተሩን ተቀብለው ሳሙት።

ወገኖቻችን፣ እናንተም አንድ ደብተር ግዙ። ማንበብና መጻፍ የቻለው ልጃችሁ የቀሩባችሁን ሰዎች ስም በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፍላችሁ። እኛም እንረዳችኋለን።

ሰላም ሁኑ።