ስለ ነርሶች መዝገብ

መዝገብ እንዲሁ ሲያዩት ግዑዝ ወረቀት ነው። የዕድሜዬን እኩሌታ ያህል በመዝገብ ቤት ስላሳለፍሁ ግን፣ አንዲት መስመር የሰውን እንጀራና ክብር ለመወሰን የቱን ያህል ኃይል እንዳላት ዐውቃለሁ። ስለዚህም የሌላውን አገር መዝገብ ታሪክ ሳነብ፣ ከተጻፉት ስሞች ይልቅ ገጹ እንዴት እንደ ተከፈለ መመልከት እወዳለሁ። በዚህ ዐይን ካየኋቸው መካከል የእንግሊዝ አገር ነርሶች መዝገብ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሜ መናገር የምሻው ነርሶችን መመዝገብ ተገቢ መሆኑን ነው። ሕመምተኛ በእኩለ ሌሊት መርፌ ይዞ የቀረበውን ሰው ሊፈትን አይችልም፤ ስለ እርሱ ሌላ አካል ፈትኖ መመስከር አለበት። በእንግሊዝ አገር ይህን የሚያዝዝ ሕግ የወጣው በ1919 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ መዝገቡ በ1921 ተከፈተ።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ገና ከጅምሩ የተከፋፈለ ነበር። ዋናው ክፍል የሴቶች ሲሆን፣ ወንዶቹ በተጨማሪ ክፍል ለብቻቸው ይጻፉ ነበር፤ ሁለቱ እንዲቀላቀሉ ያደረገው የ1949 ሕግ ነው። ወንድ ነርስ ብርቅ ባልሆነበት በእኛ አገር ላለ አንባቢ ይህ የሚያስገርም ይመስለኛል። ቁስል የሚያጥብ እጅ የወንድ ስለ ሆነ ምን ይጎድለዋል?

በስደቱ ዘመን ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው፣ በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው የተመዘገቡት በዚሁ አገር ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ መዝገቡ ከሩቅ የመጣን ሰው ለመቀበል እንደሚችል ያሳያልና። ነገር ግን የንጉሥ ልጅ ያለፈችበት በር ለሁሉ እኩል ተከፍቷል ለማለት አያስደፍርም።

በ1943 የወጣ ሌላ ሕግ ከመዝገቡ በታች ሁለተኛ ዝርዝር አቋቋመ። በዋናው ለመጻፍ የ3 ዓመት ትምህርት ሲያስፈልግ፣ ለሁለተኛው 2 ዓመት ይበቃ ነበር። በ1948 የመንግሥት የጤና አገልግሎት ከተቋቋመ ወዲህ ሠራተኛ ስላነሰ፣ ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስና ከሌሎችም የካሪቢያን ደሴቶች ብዙ ወጣት ሴቶች ተጠሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ፣ ለዋናው ትምህርት የሚያበቃ ችሎታ ያላቸው ሳይቀሩ፣ ልዩነቱ በግልጽ ሳይነገራቸው ወደ 2 ዓመቱ ትምህርት ተመሩ። በመጨረሻም ለዕድገት እምብዛም መንገድ የሌለው፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱም እንደ ሙሉ ነርስ የማያስቆጥር ማስረጃ ይዘው ቀሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ ሕጉ ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል እንኳ አለመናገሩን ነው። በደሉ የተሠራው በሕጉ ሳይሆን፣ በር ላይ ቆሞ «አንቺ በዚህ ግቢ» በሚለው ሰው አፍ ነው።

ለሁለተኛው ዝርዝር ማሠልጠን ከቀረ ቆይቷል። ቢሆንም ዛሬ ነርሶችን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ራሱ በ2020 እና በ2022 ባወጣቸው ጥናቶች፣ ጥቁሮችና ወንዶች በመዝገቡ ካላቸው ድርሻ በላይ እንደሚከሰሱ ገለጸ፤ በ2024 የወጣ ነጻ ምርመራም በምክር ቤቱ ውስጥ ዘረኝነት መኖሩን አስረዳ። ክፍልፋዩ ከገጹ ላይ ሲፋቅ፣ በብዕር ያዡ ልብ ተሸሽጎ ኖሯል።

እኩልነት መመዘኛን ዝቅ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። ሕመምተኛው ብቁ ነርስ የማግኘት መብቱ አይነካ፤ ፈተናውም ይጥበቅ። ነገር ግን ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ መንገዱና ፍጻሜው ለተማሪው አስቀድሞ ይነገረው፤ ክስ ሲቀርብም የተከሳሹ መልክ ሳይሆን ሥራው ይመርመር። ፍርድ ከራስ ነውና፣ ሌላውን «ብቁ ነህ፣ አይደለህም» ለማለት ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ፣ አስቀድሞ የገዛ ሚዛኑን ሊፈትሽ ይገባዋል።