ምኑን ነው የያዛችሁበት?

ዛሬ ስለ «ሙድ» ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ያቺው ሙድ! ካፌው ሙድ አለው እንላለን። «ዛሬ ሙዴ አይደለም» እንላለን። ወሬው ሳይገባን ሲቀር ደግሞ «የምን ሙድ ነው?» እንላለን። ከሁሉም በላይ ግን በሰው ላይ ሙድ እንይዛለን። እንግሊዞቹ ይህችን የመጨረሻዋን አያውቋትም። ለነሱ ሙድ የሰዓቱ ስሜት ነው፣ አለቀ። ማሾፍን የጨመርንበት እኛ ነን።

እናማ ባለፈው ፋሲካ ደጀን አያቴ ዘንድ ወረድኩ። (ወረድኩ አልኩ እንዴ? ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት ነው እንጂ! አውቶቡሱ ሲያቃስት እኔም አብሬው ነው የማቃስተው።) ቡና እየተፈላ አያቴ በድንገት፣

«ስማማ ልጄ፣ ያ የአጎትህ ልጅ አዲስ አበባ ሙድ ያዙብኝ አለኝ። ምኑን ነው የያዛችሁበት?» አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። በሷ ጆሮ «ያዙብኝ» የሚባለው መሬት ሲያዝ፣ በሬ ሲያዝ ነው። «ገንዘብም ከሆነ መልስለት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ካቻምና ሥራ ሊፈልግ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ታክሲ ተሳፈርን። መውረጃችን ሲደርስ «ወራጅ አለ!» እንደማለት፣ ልጄ ሆዬ ረዳቱን «ጌታው፣ እዚህ ያውርዱኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ረዳቱ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። በሳቅ ሞትን። ከዚያ በኋላ ሻይ ሲቀርብ «ጌታው ያውርዱልኝ»፣ መብራት ሲጠፋ «ጌታው ያብሩልኝ»… አራት ቀን ሙሉ! በአምስተኛው ቀን «እናቴን አሟታል» ብሎ አገሩ ገባ። እናቱ ደህና ነበሩ። ሥራውም በዚያው ቀረ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በስልኬ ቃሏን ስፈልግ አመሸሁ። ለካ «ሙድ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሞድ» ነበረች፤ ትርጉሟም ልብ፣ ሐሳብ፣ ወኔ፣ አንዳንዴም ትዕቢት። ዘመዶቿ ጀርመኖች ዛሬም ወኔን «ሙት» ይሉታል (በኛ አፍ ሲሆን ያስደነግጣል እንጂ)። እንግሊዞቹ ወኔውን ጥለው ስሜቱን ብቻ አስቀሩ። ሰዋስው ላይ የተማርናት «ሙድ» ደግሞ ሌላ ናት፤ የሷ ሥር ላቲን ነው።

ጠዋት ለአያቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ ቃሉ ድሮ ልብ ማለት ነበር፣ ወኔ እንደማለት።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያማ ልቡን ነዋ የያዛችሁበት» አለችኝ። ቀጥላም እንጀራዋን ማውጣት ጀመረች።

በማግሥቱ የአጎቴ ልጅ በባጃጅ መናኸሪያ ሸኘኝ። ይቅርታ ልለው መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅ፣ ባጃጁ ደረሰ። ከአፌ የወጣው ግን፣

«ጌታው፣ እዚህ ያውርዱን፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሆነ።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። የአጎቴ ልጅም ዞሮ አየኝ፣ ረጅም አየኝ። እያሾፍኩ መስሎት ይሆን ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

«ወራጅ አለ ነው እኮ የሚባለው፣ ወንድምዓለም» አለኝ።

ቦርሳዬን አንስቶ ቀድሞኝ ወረደ።