የኪሊማኒ ማስታወሻ

መስከረም 1 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ዘመን መለወጫ። እዚህ ናይሮቢ ግን ተራ ረቡዕ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴ ቢሮ። የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል፤ ማረፊያውን ለህንዱ አዳኒ ኩባንያ ለ30 ዓመት የመስጠት ሐሳብ በመኖሩ ተቆጥተው። እማዬ በሰው እጅ የላከችው ድፎ ዳቦ ቦሌ ቀረ። ማታ አድማው ተፈታ ተባለ። ዳቦው እስኪደርስ መሻገቱ አይቀርም። ዶሮውን በሩዝ በላን። ትንሹ እንዲያውም ይሻላል አለ። ምንም አልመለስኩለትም።

መስከረም 5፣ እሑድ

ምጣዱን ከካርቶን አወጣነው። መሰኪያው አይገጥምም። የዚህ አገሩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፣ ውስጡ ደግሞ ፊውዝ። መቀየሪያ ገዝተን ሰካነው፤ ሊጡ ሳይፈስ ፊውዙ ተቃጠለ። የሚችለው 13 አምፔር ብቻ ነው። ፈንዲ (የእጅ ባለሙያ) ጥሩ አሉን። ደወልን። ነገ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ አለ። የቱ ሦስት? በስዋሂሊ ሲቆጥሩ እንደኛው ነው፣ የጠዋቱ ሦስት። በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት ዘጠኝ መሆኑ ነው። ዘበኛውን ብጠይቀው ሳቀብኝ።

መስከረም 6

ፈንዲው መጣ። በአምስት ሰዓት። ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ሽቦ ዘረጋልን። እንጀራው ዓይን አወጣ። መብራቱ ግን ሲሮጥ ይታያል፤ አስቀድሞ የሚከፈል ነው። በኤም-ፔሳ ይከፈላል፣ 20 አኃዝ በመልእክት ይመጣል፣ ቆጣሪው ላይ ይነካል። ምሽት ላይ ጨለማ። አኃዙን ትልቋ ነካችው።

መስከረም 16

ደመራ። ደመና። ንጎንግ መንገድ ተዘጋግቶ አልደረስንም። ልጆቹ አልጠየቁም።

መስከረም 22፣ ረቡዕ

ኢስሊ ሄድኩ፣ ለብቻዬ። ባለቤቴ ተጠንቀቂ ብሎኛል። መንገዱ ጭቃ፣ ሰው በሰው። ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ በመሀል አማርኛ። ጀበና፣ ነጠላ፣ ከሰል፣ የወርቅ ቤት፣ ምንጣፍ። ከምንኖርበት ከኪሊማኒ ፎቆች የመኪና መንገድ ብቻ ነው የሚለየው። ሌላ ከተማ ነው።

በርበሬ የምትሸጠዋ ሴት ገና ድምፄን ስትሰማ፦ «መቼ መጣሽ?»

«ነሐሴ።»

«ወዴት ልትሻገሪ ነው?»

«የትም። እዚሁ ነኝ።»

«እዚሁ?» ሚዛኑን አስቀመጠችው። «ታዲያ ምን አመጣሽ?»

የባለቤቴ ሥራ አልኩ። ድርጅቱ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚከፍል አልነገርኳትም። ገምታው ይሆናል። እሷ ሦስተኛ አገር ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ቃለ መጠይቅ ተደርጎላታል፣ ትሄጃለሽ ተብላለች፣ ቆሟል። ልጇ እዚሁ ተወልዶ አንደኛ ደረጃ ሊጨርስ ነው። ይህን ሁሉ በርበሬውን እየሰፈረች ነገረችኝ፣ የሌላ ሰው ወሬ ይመስል። ስከፍል ምርቃት ጨመረችልኝ። ለእኔ! በወረቀት ጠቀለለችው፤ ፌስታል እዚህ በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል።

መኪና ጠርቼ ተመለስኩ። ሁለታችንም ስደተኛ ነን ማለት ድፍረት ይሆንብኛል። አይደለንም። ምን እንደምባል ግን አላውቅም።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ዘበኞቹ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ላይ። ሴኔቱ ምክትል ፕሬዚዳንቱን፣ ሪጋቲ ጋቻጓን፣ በድምፅ ከሥልጣን አወረደ። አትክልት ሻጯና የቀኑ ዘበኛ በር ላይ ተከራከሩ፤ ጮክ ብለው፣ ስም እየጠሩ፣ መንገደኛ እየሰማ። ከዚያ አብረው ሻይ ጠጡ። የማየው ክርክሩን ሳይሆን ሻዩን ነበር። የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ግን እስከ ማታ ሳዳምጥ አመሸሁ።

ጥቅምት 14

ትንሹ ለእኔ የሱኩማ ዋጋ ተከራከረ። በስዋሂሊ። አትክልት ሻጯ ጎመኑን እንደ ክር ከትፋ ሰጠችው፣ አንድ ቲማቲምም መረቀችው። ባንክ ቤት ኦዲተር ነበርኩ፤ ዛሬ መልሴን የሚቆጥርልኝ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ደስ አለኝ? አዎ። ከፋኝም።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ለምግብ ቤቷ ሒሳብ ያዢልኝ አለችኝ። በእጅ ትከፍላለች። የመኖሪያ ፈቃዴ በባለቤቴ ስም የተንጠለጠለ ነው፤ ሥራ አይፈቅድም። ላስብበት አልኳት። ለምን ወዲያው እምቢ አላልኩም?

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ዝናብ። አዲስ አበባ ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል አለች እማዬ። እዚህ ገና መዝነቡ ነው። መንገዱ በጃካራንዳ አበባ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ ያንሸራትታል። ማታቱ፣ የዚህ አገሩ ታክሲ፣ ሲዘንብ ዋጋው ይጨምራል፤ ትናንት 50 የነበረው ዛሬ 100 ሽልንግ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠራል፣ ሙዚቃው ደረት ያንቀጠቅጣል። ትልቋ ዘፈኑን ታውቀዋለች። በንያዮ ስታዲየም ስናልፍ ዛፍ ላይ አባ ኮዳዎች፤ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሚቆሙት ዓይነት። አሳየኋት። አላስደነቋትም።

እማዬ መቼ ትመጣላችሁ አለች። ለገና አልኩ። ትኬት አላየሁም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ከባንኩ ደብዳቤ። ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ ሰኔ 30 ያበቃል። እመለሳለሁ ወይስ እለቃለሁ? ባለቤቴ «አንቺ እንዳልሽ» አለ። እንደዚህ ሲለኝ ይበልጥ ይጨንቀኛል። የእሱ ውል ሁለት ዓመት ነው፣ ይራዘማል ይላሉ። ትልቋ በመጪው ዓመት የዋና ቡድን ዝርዝር ላይ ስሟን አስጽፋለች፤ ሳትጠይቀን።

ማታ ለምግብ ቤቷ ሴትዮ ደውዬ ያለ ሥራ ፈቃድ ሒሳቡን እንደማልይዝላት ነገርኳት። ገባኝ አለች። ባንኩ መልሱን የሚፈልገው እስከ ኅዳር 30 ነው። አልጻፍኩም።