የአንድ ጎማ ወግ

ላስታ የኮቴ አገር ነው። ዳገቱን በቅሎ፣ ቁልቁለቱን አህያ ያውቀዋል፤ ጎማ በዚህ አገር እንግዳ ነው። እንግድነቱ ግን ልጆቹን አላስፈራቸውም። ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ የሚወርድ ሰው፣ አሮጌ የሳይክል ቸርኬ በአጭር እንጨት እየነዳ የሚሮጥ ልጅ አያጣም። ልጁ እንጨቱን ከኋላ በኩል በቸርኬው ጎድጓዳ ከንፈር ላይ ያሳርፈዋል፤ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲፈልግ ከግራ ነካ፣ ወደ ግራ ሲፈልግ ከቀኝ ነካ ያደርገዋል። ቸርኬው ከተጣመመ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ይሄኔ ልጁ ቆም ብሎ ቸርኬውን ወደ ፊቱ ያነሣና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ሊያቃናው ድንጋይ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይቺ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ትማርከኛለች። የጥገና ግማሹ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለኛል።

በዚህ ደጋ ጎማ ስንት ነገር እንዳየ ሳስብ ዐፄ ቴዎድሮስ ትዝ ይሉኛል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፋቸውን በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ተነሡ። የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት ከ5 ወር በላይ ፈጅቶባቸው ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል። ጎማው እንዲያልፍ ተራራው ተቆርጧል ማለት ነው። ተራራ ማስቆረጥ የማይችል ሰው ግን ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፤ መንገዱ እንዳለ ሆኖ ጎማውን ደጋግሞ ማቃናት።

ከልጆቹ ቸርኬ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው ባለ አንድ ጎማ ሳይክል ነው። የሰርከስ ሰው ዕቃ ነው። ሰርከስ በአገራችን በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌና ወደ ናዝሬት ተዛምቷል፤ በአማራ ክልልም ደብረ ብርሃን የራሷ ሰርከስ አላት። ይህ ሳይክል ሰንሰለት የለውም፣ እጀታ የለውም። ፔዳሉ ከጎማው መሀል ዘንግ ጋር በቀጥታ ስለተያያዘ እግር ሲቆም ጎማው ይቆማል። ሁለት ጎማ ያለው ሳይክል ጫናውን ለሁለት ይካፈላል፤ ይህኛው ግን የሰውየውን ክብደት፣ ዝላዩንም አወዳደቁንም ብቻውን ይቀበላል። ስለዚህ ቸርኬው ቶሎ ይጣመማል፣ ሽቦውም ይበጠሳል።

ታዲያ ከተጣመመ መጣል የለበትም። ጎሚስታው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ጎማ ነው የሚያውቀው፤ ይህ ግን በቤት ደጃፍ የሚሠራ ሥራ ነው። ሳይክሉ ኮርቻው መሬት ይዞ ይገለበጣል። ጎማውን ግራና ቀኝ ከያዙት ሁለት ብረቶች በአንደኛው ላይ ስንጥር እንጨት ይታሰራል፤ ጫፉ ቸርኬውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው። ጎማው በቀስታ ሲዞር፣ ቸርኬው ቀጥ ባለበት ቦታ ስንጥሩ ዝም ይላል፤ በተጣመመበት ቦታ ጭርር ያደርጋል። ያ ቦታ በከሰል ምልክት ይደረግበታል።

አሁን ወደ ሽቦዎቹ ነው። ብዙውን ጊዜ 36 ናቸው፤ ግማሾቹ ከዘንጉ ቀኝ፣ ግማሾቹ ከግራ ይነሣሉ። ቀጭን ሽቦ ቢጫኑት ይታጠፋል፤ ሲወጠር ግን ብዙ ይችላል። ጎማውን ክብ አድርጎ የሚያቆመው የሁሉም እኩል መሳሳብ ነው። ቸርኬው ወደ ቀኝ ካጋደለ፣ ምልክቱ ያለበት አካባቢ የግራዎቹ ሽቦዎች ይጠብቃሉ፣ የቀኞቹ ይላላሉ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፍ። ከዚያ እንደገና አዙሮ ማየት ነው። የለመደ ሰው ሽቦዎቹን እንደ ክራር ጅማት በጥፍሩ እየነካ ያዳምጣቸዋል፤ የላላው ወፍራም፣ የጠበቀው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ሲሰጡ ጎማው ለመንገድ ደርሷል።

አንድ ሽቦ ሲበጠስ ነገሩ በአንድ ሽቦ አይቀርም። በተቃራኒው ወገን ያለው ሽቦ የሚመክተው ስለሌለ ቸርኬውን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ጎረቤቶቹም የጎደለውን ጫና ተሸክመው በተራቸው ይበጠሳሉ። ስለዚህ የተበጠሰው ሳይተካ መንዳት አይገባም። በጣም የታጠፈ ቸርኬ ደግሞ ሽቦዎቹ ላልተው፣ ያበጠው ጎን ወደ ላይ ሆኖ በሁለት ግንድ ላይ ይጋደምና በጉልበት ይጫኑታል። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይለወጥ፤ በተሰነጠቀ ቸርኬ ላይ የሰው ሕይወት አይጫንም።

ጥርሱም ልብ ይባል። የግራ ፔዳል ጥርስ ከቀኙ ተቃራኒ ነው። ጎማው ከተጠገነ በኋላ ቀኝና ግራው ተለዋውጦ ከተገጠመ፣ ፔዳሎቹ በተነዱ ቁጥር ራሳቸውን እየፈቱ ይሄዳሉ። ከመነዳሪው ቢተነፍስ በሣፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን መፈለግ፣ ደረቅ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ በማስቲሽ መለጠፍ ነው። ማስቲሹ እስኪጠነፍፍ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በላስታ ብርድ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል።

ልጁ ቸርኬውን በሚነዳበት መንገድ ጫፍ፣ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል። በየጠብታው ሥር የድንጋይ ገንዳዎች ተቀምጠዋል፤ የሚጠራቀመው ጸበል ነው። እያንዳንዱን ገንዳ ያኖረ ሰው አስቀድሞ ቆሞ ጠብታው የት እንደሚያርፍ አይቷል። ይህን ሳስብ የአገሬው ብልሃት ከየት እንደሚጀምር ይገባኛል፤ እጅ ከመዘርጋት በፊት የነገሩን ቦታ ለይቶ ከማወቅ ነው። ቸርኬውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ነው ጥገና በትምህርት ቤት ቦታ እንዲሰጠው የምመኘው። በየጓሮው ሽቦው ረግፎ የተጣለ ሳይክል፣ ከመነዳሪው ተንፍሶ የቆመ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ሞልቷል። አብዛኛው የጎደለው አንድ የሽቦ መፍቻ፣ አንድ ፒንሳ፣ ጥቂት ማስቲሽና የሚያሳይ ሰው ነው። ወላጆችና መምህራን ተባብረው ከኳሱና ከመረቡ ጎን አንድ የመሣሪያ ሣጥን ቢያኖሩ፣ ልጆቹ ሳይንሱንም በእጃቸው ይማሩታል፤ ሲሚንቶና ውሃ የሚያመላልሰው ጋሪም በአንዲት እሾህ ምክንያት ሥራ አይፈታም።