ሁለቱንም ጠይቁለት

ቡሄ ሲደርስ ደብረ ታቦር በጅራፍ ድምፅ ትደምቃለች። የጎረቤቴ ልጅ ግን ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። በሌላው ቀን ደግሞ ለአፍታ አይቀመጥም፤ በር ከተከፈተ መንገድ ላይ ነው። ሰፈሩ «አሳዳጊ የበደለው» ይለዋል።

ወገኖቼ፣ ይህ የአስተዳደግ ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እንኳ ሁለቱ አብረው እንዲመረመሩ የፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ታውቆ ሌላው ከታለፈ የልጁ እርዳታ ጎደሎ ይሆናል። የኤዲኤችዲን ምልክቶች የሚያቀልሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ደግሞ የንግግር ሥልጠና፣ በሥዕል የተደገፈ የቀን ፕሮግራምና የማይለዋወጥ ልማድ ይረዱታል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ሲሉ የጀመሩት ጆይ ኦቲዝም ማዕከል ለብዙ ወላጆች በር ከፍቷል። ግን ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ጉና ተራራ ሥር ለምትኖር እናት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አገልግሎቱ እዚሁ ሊቀርብላት ይገባል።

እስከዚያው እናንት ወላጆች፣ ጠበሉን ሳትተዉ ልጁን ሆስፒታል ውሰዱት። የሚያሳስባችሁን ባህርይ በስልክ ቀርጹ፤ ከመምህሩም ማስታወሻ ያዙ፤ ኤዲኤችዲ የሚለየው ምልክቱ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታይ ነውና። ባለሙያውን ስለ ሁለቱም ጠይቁ። ጎረቤቶች ደግሞ እናቱን መውቀስ ትተን እናግዛት።