ሮማን በጆንያ

ከደብረ ማርቆስ መርካቶ ለሚገባ ሰው ፓስፖርት አይጠየቅም እንጂ አገር መለወጡስ አይቀርም። ስሙ ራሱ የእኛ አይደለም፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የገዛን ጣልያን ትቶት የሄደ ቃል ሲሆን «ገበያ» ማለት ነው። «መርካቶ ገበያ» ስንል ገበያ ገበያ እንደ ማለት ነው! ገና አውቶቡስ ተራ ስወርድ አንዱ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ላግዝህ?» አለኝ። «ፋዘር» አባት ነው አሉ። እኛ ዘንድ አባት «አንተ» አይባልም፤ እዚህ መከበሬም መደፈሬም በአንድ ትንፋሽ ሆነ።

ቅመም ተራ ስደርስ አፍንጫዬ ቀድሞኝ ገባ። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ፌጦው የአገሬ ሰዎች ስለሆኑ ሰላም እየተባባልን አለፍን። አንድ ጆንያ ግን አቆመኝ። ቡናማ፣ ድርቅ ያለ፣ የተሰበረ ገል የመሰለ ነገር ሞልቶታል።

«ምንድን ነው እማማ?»

«ሮማን ነው ልጄ።» አውቶቡስ ተራ ላይ አባት የነበርኩት ሰውዬ እዚህ ልጅ ሆንኩ።

ሳቄ መጣ። ሮማን እኛ ሰፈር የሴት ስም ነው። ሌላ የማውቀው ሮማን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ከወርቅ ሻኩራ ጋር እየተፈራረቀ በአሮን ቀሚስ ጫፍ የሚዞረው ነው። አጠገባቸው ያሉት ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ በቁርኣን 3 ጊዜ መጠራቱን ነገሩኝ፤ እሳቸው «ሩማን» ይሉታል።

«ፍሬውስ የታለ?»

«ፍሬውን የበላ በላው። መድኃኒቱ ልጣጩ ነው።»

ለተቅማጥ ተፈልቶ ይጠጣል፣ አፍ ሲቆስል ይጉመጠመጡበታል። «ለልጅ ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ውሰደው» አሉኝ፤ ይችን ስሰማ አመንኳቸው። ቁራሿን ነከስ ባደርጋት ምላሴ ጭምድድ አለ። ታኒን የሚሉት ነገር ነው፤ ቆዳ ፋቂ ቆዳ የሚያለፋበት። ምላሴን እንዲህ ካሰረ አንጀትንም ቢያስር አይገርመኝም።

«ለኮሶስ?»

«ለኮሶ የዛፉ ሥር ቅርፊት ነው። እሱን አልሸጥም።»

ልክ ናቸው። በ1878 እ.ኤ.አ. ሻርል ታንሬ የተባለ የፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚ ከቅርፊቱ ፔሌቲየሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር አውጥቷል። ትሉን አደንዝዞ ከአንጀት ያስለቅቀዋል፤ ከበዛ ግን ጠጪውን ያዞረዋል፣ ዓይኑን ያደበዝዘዋል።

እውነቱን ልናገርና ለአገሬ ኮሶ ትንሽ ቀናሁ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር የራሱ ኮሶ አለው፤ በሽታውም መድኃኒቱም አንድ ስም ይዘው የሚኖሩት እኛ ዘንድ ነው። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡት ነበር። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ያን ቀን ሥራ የለ፣ እንግዳ የለ፣ ደጅ የሚያንኳኳ የለ። «ሮማን ጠጥቻለሁ» ብዬ ብቀር አለቃዬ ምን ይለኝ ይሆን?

እፍኝ ታህል በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ነገ ሮማን ይዤ እመጣለሁ።»

ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣

«የቷን ሮማን?»