እማዬ ኢትዮጵያዊት፣ እኛ የውጭ ዜጎች

እናታችን ሞያሌ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ የልብስና የጫማ ሱቅ አላት። አባታችን ኬንያዊ ነበር፤ የተወለድነውም ናይሮቢ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እየመጣን ሱቅ እንጠብቅ ነበር፤ አንዱን ደንበኛ በአማርኛ፣ ሌላውን በስዋሂሊ እናስተናግዳለን። የየት አገር ሰው ነን ብለን አስበን አናውቅም።

ዘንድሮ እማዬ ጉልበቷ ሲደክም ንግድ ፈቃዱን በእኛ ስም ለማዞር ሄድን። ሠራተኛው ኪታምቡሊሿችንን አይቶ «እናንተ የውጭ ዜጎች ናችሁ» አለን። እማዬ «ከእኔ ማህፀን ወጥተው?» ብላ ዝም አለች።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ነገር ግን ከሌላው ወላጁ የውጭ ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነት ስለሚፈቅድ፣ እኛ በሁለቱም አገር የሚሠራ መስሎን ነበር። ያቺ ዓመት ሳናውቃት አመለጠችን።

ለእኛ የቀረልን ቢጫ ካርድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሊያወጣው ይችላል። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ ያኖራል፣ ያሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን የለም።

እሱም ቢሆን ወረቀት ይፈልጋል። በኬንያ የልደት ወረቀታችን ላይ የእማዬ ስም ከባሏ ስም ጋር ተጽፏል፤ በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ደግሞ ከአባቷና ከአያቷ። ሁለቱ አንድ ሴት መሆናቸውን ለማስረዳት እስካሁን እየተመላለስን ነው።

ትንሿ እህታችን ግን ገና 18 መሙላቷ ነው። ስምንት ወር ቀርቷታል። ትምህርቷም ጓደኞቿም ናይሮቢ ናቸው። ምን ላድርግ ብላ ስትጠይቅ እማዬ «ከሁለት እግርሽ አንዱን ቁረጪ አልልሽም፤ ግን ሳታውቂው አይቆረጥብሽ» አለቻት።

እናንተም ከድንበር ወዲህና ወዲያ የወለዳችሁ፣ የልጆቻችሁን ዕድሜ ቁጠሩ። የእናትን ስምም በሁለቱም አገር ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አስጽፉ።